የሚተነፍስ ሰርባቶዮ

ናፍጣ የሚይዝ ሳጥን መበየድ ለደህና በያጅ ከባድ ሥራ አይደለም። ላሜራ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፤ ካላንጠባጠበ አለቀ። አሮጌ ላንድ ክሩዘር ሥር የሚሰቀል ተጨማሪ ሰርባቶዮ ግን ከዚህ ብዙ ይበልጣል። ናፍጣ በሙቀት ያብጣል፣ ኮረኮንች ላይ ይናጣል፤ ሻንሲው በተጠማዘዘ ቁጥርም የሰርባቶዮውን ማሰሪያ ይጎትታል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ የሠራ እጅ ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ የዋለውን 80 ሲሪዝ ላንድ ክሩዘር እንውሰድ፤ በተለይ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ አልባ የናፍጣ ሞተር የተገጠመለትን። የፋብሪካው ሰርባቶዮ 95 ሊትር ይይዛል። አስፋልት ላይ ሩቅ ያደርሳል። የአፋር አሸዋ ውስጥ ሲገባ ግን ጌጁ ዓይን እያየ ይወርዳል፤ ማደያም እንደ ልብ አይገኝም። ጣሪያ ላይ ጀሪካን መደርደር መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፣ ተዳፋት ላይም ያስፈራል። ስለዚህ ከኋላ በሻንሲው መሃል ትርፍ ጎማው የሚሰቀልበት ቦታ ይለቀቅና ጎማው ፓራውልቱ ላይ ወደሚሠራለት መያዣ ይዛወራል።

በአውስትራሊያ ሎንግ ሬንጀርና ብራውን ዴቪስ የተባሉት አምራቾች ለዚሁ ቦታ ልክ የወጣለትን ሰርባቶዮ ሠርተው ይሸጣሉ። እኛ ጋ በእጅ ይሠራል፤ እጅ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው። ጎበዙ ላሜራ ከመንካቱ በፊት ካርቶን ይዞ መኪናው ሥር ይገባል። እንደ ልብስ ሰፊ እየለካ፣ እየቆረጠና እያጠፈ ማርሚታው የሚያልፍበትን ያስቀራል፤ ዲፈረንሻሉ መኪናው ሲነጥር እስከ የት እንደሚወጣም ያያል። ከዚያ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይመርጣል። ዚንክ የተለበሰውን አይነካም፤ ዚንክና ናፍጣ ሲገናኙ ሳሙና የሚመስል ዝቃጭ እየፈጠሩ ፊልትሮ ይደፍናሉ። ማዕዘኖቹን በተቻለ መጠን በማጠፍ ይጨርሳቸዋል፤ ባልተበየደበት በኩል አያፈስምና። መበየድ ያለበትንም በአንድ ትንፋሽ አይጨርስም። እዚህ ጥቂት፣ ወዲያ ማዶ ጥቂት እያለ ይሄዳል፤ አለዚያ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን ያየ ሰው ሠሪውን ያውቀዋል። በርዝመትም በስፋትም የቆሙ መከፋፈያዎች አሉ፤ ናፍጣው እንዲያልፍ ከታች ጥጋቸው ተቆርጧል፣ አየሩ እንዲያልፍም ከላይ። እነዚህ ባይኖሩ 80 ኪሎ የሚመዝን ፈሳሽ በእያንዳንዱ ፍሬን ከግድግዳ ግድግዳ ይላተም ነበር። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ይልና ትንሽ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ ከገጠር በርሜል የተቀዳ ናፍጣ ይዞት የሚመጣው ውሃና አሸዋ እዚያ ይጠራቀማል፣ በማፍሰሻ ቡሎኑም ይወጣል። መሳቢያው ቱቦ ከጉድጓዱ በላይ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ መተንፈሻው ነው። 100 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 1.6 ሊትር ገደማ ያብጣል። በብርዳማ ማለዳ መቀሌ ላይ እስከ አፉ ተሞልቶ ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው ዳሎል የወረደ ሰርባቶዮ ይህን ትርፍ የት ያድርገው? ስለዚህ መሙያው አንገት ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ይበየዳል፤ ቀጂው እዚያ ሲደርስ ካቆመ ከላይ ያለው አየር ለእብጠቱ ይተርፋል። የአየሩም ነገር ቀላል አይደለም። በዚያ ቁልቁለት ግፊቱ ወደ 0.2 ባር ይጨምራል። መተንፈሻው በጭቃ የተደፈነ፣ ግማሹ የጎደለ ሰርባቶዮ አንድ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎኑ ላይ ከአንድ ቶን በላይ ይጫነዋል፤ ላሜራው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። መኪና ሲያዘነብል አንዱ ጥግ ናፍጣ ውስጥ ስለሚሰምጥ፣ አዋቂው ሁለት መተንፈሻ በሁለት ጥግ ያወጣል። ሁለቱንም እስከ መሙያው አፍ ከፍታ ድረስ ወስዶ ጫፋቸውን ወደ ታች ያጥፈዋል፤ ወንዝ ሲሻገር ውሃ አይገባም።

አሰቃቀሉም እንዲሁ ነው። ማሰሪያውና ሰርባቶዮው መካከል ወፍራም ጎማ ይገባል፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ጎማው ይታዘዝለታል እንጂ ብየዳው አይሰነጠቅም። ሻንሲው ላይ ቀዳዳ ካስፈለገ በጎኑ መሃል ነው፤ የላይና የታች ጠርዙ ጭነት የሚሸከም ነውና ትራፓኖ አይነካውም። ናፍጣው በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወደ ዋናው ሰርባቶዮ ይሻገራል፤ ሞተሩም ከለመደው ቦታ ይስባል፣ ትርፉንም ወደዚያው ይመልሳል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ በእኔ ግምት ከ100 ሊትር በላይ መሄድ ስስት ነው። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ አክስል በስተኋላ ነው የሚያርፈው። ሞላው ካልተጠናከረ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ሆዱም የመጀመሪያውን ድንጋይ ያገኛል።

ሰርባቶዮ የምታሠሩ ሁሉ፣ ክዳኑ ሳይበየድ ጋራዥ ድረስ ሄዳችሁ ውስጡን እዩ። በሳሙና አረፋና በትንሽ አየር ሲፈተሽም ቁሙ። ናፍጣ ወይም ቤንዚን የነበረበትን አሮጌ ሰርባቶዮ ግን በርካሽ ተገኘ ብላችሁ አታስበይዱ፤ ውስጡ የቀረው ተን ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። መተንፈሻውን በሁለት ጥግ የሚያወጣ ሠራተኛ ካገኛችሁ ደግሞ በዋጋው አትከራከሩት።