ውሃው ከመመርመሩ በፊት

የመጠጥ ውሃ ጥራት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ናሙና የያዘ ጠርሙስ፣ ነጭ ጋዋን፣ ማኅተም ያረፈበት የውጤት ወረቀት። በሙያው ውስጥ ያለነውም ከዚህ የራቅን አይደለንም። በጀት ስንጠይቅ የመመርመሪያ መሣሪያን እናስቀድማለን፤ ሪፖርት ስንጽፍም ስንት ናሙና እንደተመረመረ እንቆጥራለን። እኔ ግን የሥራችን ዋና ቦታ ከላቦራቶሪው በፊት ነው ብዬ አምናለሁ። ውሃ የሚጠበቀው በምንጩ ዓይን ዙሪያ፣ በጉድጓዱ አፍ፣ በማጠራቀሚያው ክዳንና በየቀኑ በሚለካው የክሎሪን ቅሪት ነው። ምርመራው ጥበቃው መሥራቱን ይመሰክራል እንጂ ጥበቃውን አይተካም።

በቁጥር እንየው። አንድ የትንሽ ከተማ ጉድጓድ በሴኮንድ 10 ሊትር ይሰጣል እንበል። ይህ በቀን 864,000 ሊትር፣ በ30 ቀን ወደ 26 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚወሰደው ናሙና 100 ሚሊ ሊትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በዚህ መጠን ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጭራሽ መታየት የለበትም ይላል። በወር አንድ ጊዜ ናሙና ከወሰድን፣ ሕዝቡ ከጠጣው ያየነው ከ250 ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ባክቴሪያው አድጎ እስኪታይ ደግሞ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ናሙናው ከወረዳ ተነስቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ሲታከልበት፣ ውጤቱ የሚመጣው ውሃው ተቀድቶ ከተጠጣ በኋላ ነው። ብክለትም ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ሜዳ ላይ የከረመውን እበትና ዓይነ ምድር ጠራርጎ ሲያወርድ ነው። በጥር የተወሰደ ናሙና ንጹሕ መሆኑ ስለ ሐምሌ ብዙ አይነግረንም።

ለዚህ ከዎከርተን የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። በካናዳ፣ በኦንታሪዮ በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከባድ ዝናብ ዘነበና በአቅራቢያው እርሻ የነበረ የከብት ፍግ ጥልቀት ወደሌለው የከተማዋ ጉድጓድ ገባ። ከ2,300 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ትልክ ነበር። ነገር ግን ብክለቱ የገባው በወሩ 12ኛ ቀን አካባቢ ሲሆን፣ ነዋሪው ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ የተነገረው በ21ኛው ቀን ነው። የጎደለው ከሁሉ የቀለለው ሥራ ነበር፦ ሠራተኞቹ የክሎሪን ቅሪቱን በየቀኑ አይለኩም፤ መዝገቡን ግን በግምት ይሞሉት ነበር። ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር፣ በጉድጓዱ ላይ ቅሪቱንና ድፍርስነቱን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ ባልደረሰ ነበር ብለዋል። ብዙ የማይወራለት ነገር ደግሞ አለ፤ ፍጉን የበተነው ገበሬ ተገቢውን አሠራር ተከትሎ እንደነበር ተረጋግጧል። ጉድጓዱ ነው ለብክለት በተጋለጠ ቦታ ተቆፍሮ በቂ ጥበቃ ሳይደረግለት የኖረው።

እንግዲህ ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። የጎለበተ ምንጭ ዘንድ የደረሰ ባለሙያ ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት ዙሪያውን መዞር አለበት። ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አለ? ካለስ በደለል ተሞልቷል? አጥሩ ቆሟል ወይስ ከብት እየገባ ነው? የማጠራቀሚያው ክዳን ይገጥማል? የትርፍ ውሃ መውጫው ወንፊት አለው? ሽንት ቤት ከላይ በኩል ተቆፍሮ እንደሆነስ? ከዝናብ በኋላ ውሃው ከደፈረሰ፣ የገጸ ምድር ውሃ በአቋራጭ እየገባ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እነዚህን ጥያቄዎች ማንበብና መጻፍ የሚችል የውሃ ኮሚቴ አባል በየወሩ ሊመልሳቸው ይችላል። መልሱ ውስጥ ደግሞ የሚጠገነው ነገር አብሮ አለ። «ተበክሏል» የሚል ወረቀት ግን የቱ ጋ አካፋ ይዘን እንደምንሄድ አይነግረንም።

የክሎሪን ቅሪትም እንዲሁ ነው። ነፃ ክሎሪን ቢያንስ 30 ደቂቃ ከውሃው ጋር ቆይቶ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ቦኖ ወይም ቤት ሲደርስ ደግሞ ከ0.2 ሳያንስ መገኘት አለበት። መለኪያው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሮዝ በሚቀየር ቀለም መልስ ይሰጣል። ትናንት 0.4 የነበረ ቧንቧ ዛሬ ዜሮ ካሳየ፣ በመንገዱ ላይ ክሎሪኑን የበላ ነገር ገብቷል፣ አለዚያም መጨመሪያው ቆሟል፤ በሁለቱም በኩል ዛሬውኑ የሚሠራ ሥራ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ከተሞቻችን ይህ ልኬት ይበልጥ ያስፈልጋል። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ስለሚጠፋ፣ በተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ማጣሪያ ጣቢያው ምንም ያህል ቢደክም የዚያ መንደር ውሃ ደኅንነት ያለው በቧንቧው መጋጠሚያዎችና በተረፈው ክሎሪን ላይ ነው።

በዓይን የማይታይስ? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የክርክሬም ወሰን እዚህ ጋ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው ፍሎራይድ ከምድሩ ከራሱ የሚመጣ ነው፤ አጥርም ክሎሪንም አያግደውም። መጠኑ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ይጎዳል። እዚያ ላቦራቶሪ ቀዳሚ ነው፤ ጉድጓድ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት መመርመር ግዴታ ነው። ሆኖም ፍሎራይድ እንደ ተቅማጥ ተሕዋስያን ከዝናብ እስከ ዝናብ አይገለባበጥም። አንድ የታመነ ልኬት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የባክቴሪያ ውጤት ግን ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ከመሐንዲሶች የሚመጣ ነው፦ ማጣሪያውና ክሎሪኑ ጥሩ ከሆነ ተፋሰሱ ምን ይሁን ምን ይጸዳል ይላሉ። የአሜሪካዋ ሚልዋኪ እ.ኤ.አ. በ1993 ማጣሪያም ክሎሪንም ነበራት። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በማጣሪያው አልፎ 400,000 ያህል ሰዎችን አሳመመ፤ ለመጠጥ ውሃ በሚጨመረው መጠን ክሎሪን አይገድለውም። ከዚያ በታች ባለውም አደጋ ቢሆን ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይበላል፣ ተሕዋስያንንም በደለሉ ውስጥ ይሸሽጋል። ለአዲስ አበባ ውሃ በሚሰጠው በለገዳዲ ግድብ ላይ ከታረሰ ተዳፋት የሚወርደው አፈር የግድቡን ሆድ ከመሙላቱም ሌላ በየክረምቱ ማጣሪያው ላይ የማዝቀጫ ኬሚካል ወጪ ይጨምራል። አፈሩን ማሳው ላይ ማስቀረት የውሃ ማጣራት የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የገበሬው ነው። ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ግጦሹ ነው፤ አጥር ማለት ለእሱ የተወሰደ መሬት ማለት ነው። ለከተማ ውሃ ሲባል የላይኛው ገበሬ ብቻውን ዋጋ እንዲከፍል መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ አያዋጣምም፤ አጥሩ አንድ ክረምት ሳያልፍ ይነቀላል። በታጠረው ቦታ የሚበቅለውን ሣር እያጨደ የሚወስደው እሱ ከሆነና ከአጥሩ በታች በትርፍ ውሃው የሚሞላ የከብት ማጠጫ ገንዳ ከተሠራለት ግን ጥቅሙና ጥበቃው አብረው ይሄዳሉ። በግድብ ደረጃም የከተማው ደንበኛ ከሚከፍለው የውሃ ታሪፍ የተወሰነው ተለይቶ ለእርከንና ለተዳፋት ችግኝ፣ እርሻውን ለቀነሰውም ገበሬ ካሳ መዋል ይገባዋል። ይህ ገንዘብ ከማዝቀጫ ኬሚካሉ ጋር በአንድ የወጪ ርዕስ ሥር፣ የውሃ ማምረቻ ወጪ ተብሎ መመዝገብ አለበት።