ዝቃጩ ቆሻሻ ነውን?

መዳብ በኤሌክትሮሊሲስ እንዴት እንደሚጣራ ስናስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንስለው ሥዕል አንድ ጉድለት አለው። ከአኖዱ ሥር የሚጠራቀመውን ዝቃጭ «ቆሻሻ» ብለን እናልፈዋለን፤ ተማሪውም እንዲሁ ይጽፋል፤ ማርክም እንሰጠዋለን! በካናዳ፣ በሰድበሪ ከሚወጣው ማዕድን የሚገኘው መዳብ ሲጣራ ግን ብሩና ወርቁ፣ ፕላቲነሙና ፓላዲየሙ የሚቀሩት በዚሁ «ቆሻሻ» ውስጥ ነው። የመዳብ ስታንዳርድ ፖቴንሺያል +0.34 ቮልት፣ የፕላቲነም ወደ +1.2 ቮልት ስለሆነ መዳቡ ሲሟሟ ፕላቲነሙ ሳይሟሟ ይወድቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። «ክቡር ብረት በአኖድ ላይ አይሟሟም» የሚለውን እንደ ሕግ እናስጠናለን። ኤሚል ቮልቪል እ.ኤ.አ. በ1874 የፈለሰፈው የወርቅ ማጣሪያ ዘዴ ይህን ያፈርሰዋል። ኤሌክትሮላይቱ የወርቅ ክሎራይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ የክሎራይድ አዮኖች ከፕላቲነምና ከፓላዲየም ጋር ስለሚጣመሩ ሁለቱም ከወርቁ ጋር አብረው ይሟሟሉ። ወርቁ ካቶዱ ላይ ሲለጠፍ እነርሱ በፈሳሹ ውስጥ እየበዙ ይሄዳሉ፤ ኋላም ከፈሳሹ ይለያሉ። ብሩ ደግሞ በተራው ብር ክሎራይድ ሆኖ ይዘቅጣል።

በጂኦግራፊ ትምህርት የወለጋውን የዩብዶ ፕላቲነም ስም የሰማ ልጅ እጁን አውጥቶ «ፕላቲነሙስ የት ገባ?» ቢለን፣ በመጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባን «በየትኛው ፈሳሽ?» ብለን ነው።