ልኩን ያወቀ ፍሬን

የቮልስ የፊት ግራ ጎማ ዳዶ አፈታቱ ከሌላው ዳዶ ይለያል። ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ጉልበቱን በጨመረ ቁጥር ጥርሱን ይበላዋል። እዚያው ጎማ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ በዘንጉ ውስጥ ለውስጥ አልፎ፣ አራት ማዕዘን ጫፉ በግራሶ መክደኛው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ እዚያ በትንሽ ፒን ተይዞ ከጎማው ጋር ይዞራል። የቮልስን የፊት ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ የለወጠ መካኒክ ሥራውን እንዴት እንደሠራው ለማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ይህን መክደኛ ነው። መክደኛው በመዶሻ ካልተጎሳቆለና ቆጣሪው እንደ ድሮው ከቆጠረ፣ የማይታየውም በደህና እጅ እንዳለፈ እገምታለሁ።

ቮልስ ለአዲስ አበባ ባዳ አይደለችም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪና እሷ ነበረች፤ ዛሬም በየሠፈሩ ትታያለች። አገሩ ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነተሳፋሪዋ አንድ ቶን የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ሙቀት ቢሆን 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከዚህ የተወሰነውን በከባድ ማርሽ የተያዘ ሞተር ይሸከመዋል፤ የቀረው ዕዳ የፍሬኑ ነው።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉም እየዘቀጠ ይሄዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፍ አቋርጦ የወጣ ታምቡር ውኃውን ይዞ ይቆያል፤ አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ይለግምና መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ዲስክ ሁለት ፊቱ ለነፋስ የተሰጠ ነው። ቢግልና ቢወፍር የሚወፍረው ወደ ሸራው ነው፤ ውኃውንም እየዞረ ያራግፈዋል። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 የለማንን ውድድር በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ነገሩ ለዓለም ግልጽ ሆነ። ሲትሮን በ1955 ዲኤስን የፊት ዲስክ ይዛ እንድትወጣ አደረገ፤ ቮልስዋገንም በ1966 1500 ለተባለችው ቮልስ የፊት ዲስክ ሰጣት። ስለዚህ ታምቡር ይዛ የተወለደችውን ቮልስ ዲስክ ማልበስ ከዘር ማውጣት አይደለም፤ እህቷ ያገኘችውን ለእሷም መስጠት ነው።

መልካም መካኒክ የሚለየው ግን ምን እንደጨመረ በማየት ብቻ አይደለም፤ ምን ሳይጨምር እንደተወም መታየት አለበት። ታምቡር አንድ ብልሃት አለው፤ ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ በታምቡሩ ዙረት እየተሳበ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፣ የነጂውን እግር ያግዛል። ዲስክ ይህ አጋዥ የለውም፤ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው የእግርን ግፊት የሚያግዝ ሰርቮ ልጨምር ይላል። የሰከነው ግን የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን፣ ፊቷም ቀላል መሆኑን ያስባል፤ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ በሚጨብጠው ካሊፐር ውስጥ ሰፋ ያለ ፒስተን፣ ከፔዳሉ ሥር ደግሞ ዘይቱን የሚገፋ ልኩ የሆነ ማስተር ይበቋታል። በዚያ ላይ ሰርቮ የሚያግዘው በውጭ አየር ግፊት ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ይህ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ያለ ሰርቮ በእግር ብቻ የሚሠራ ፍሬን ከፍታው አይነካውም።

አሁን ወደ እጁ ሥራ እንምጣ። ታምቡሩና የጀርባ ሳህኑ ተነሥተው በቦታቸው የካሊፐር መያዣው ይታሰራል። ካሊፐሩ ከዲስኩ መሐል ትንሽ እንኳ ቢያፈነግጥ አንዱ ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ በቀጫጭን ሮንዴላ እየተለካ ወደ መሐል ይመጣል። ዲስኩ ላይ የመለኪያ ሰዓት ተደግኖ በእጅ ይዞራል፤ መርፌው ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ከተወዛወዘ ዲስኩ ይወልቅና የተቀመጠበት ፊት እንደገና ይጸዳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን ከሥሩ የቀረች የዝገት ቅንጣት ናት።

ከሁሉ የምወደው የኩሽኔታው ልኬት ነው። የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው ይላል። የቆየ መካኒክ ዳዶውን ጎማውን እያዞረ ያጠብቅና መልሶ በጥቂቱ ያላላል፤ ከዚያ ከዳዶው ጀርባ ያለችውን ሮንዴላ በመፍቻ ጫፍ፣ በጣት ኃይል ብቻ ይገፋታል። በግድ ከሆነ የምትሄደው ጠብቋል፤ ከተንከላወሰች ላልቷል። ልኩ ሲገኝ እሺ ብላ ትንሸራተታለች። ይህ በታምቡር ዘመን ምቾት ነበር፤ በዲስክ ግን ግዴታ ነው፤ ኩሽኔታው ከላላ ዲስኩ እየተንገዳገደ ሸራዎቹን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ የሚቀጥለው ረገጣም ባዶ ይወርዳል።

በካሊፐሩ ውስጥ ደግሞ የሚደነቅ ነገር አለ። ሸራውን ከዲስኩ የሚመልስ ሞላ የለም። ፒስተኑን የከበበው አራት ማዕዘን ጎሚኒ ፍሬን ሲረገጥ ከፒስተኑ ጋር ይለመጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን በጥቂት የሚሊሜትር ክፋይ ይስበዋል። ነገር ግን ለታምቡር የተሠሩ ብዙ ማስተሮች በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አላቸው። እሱ ለዲስኩ መስመር ሳይነሣ ከቀረ ጎሚኒው መመለስ ያቅተዋል፤ ሸራው ዲስኩን ሲልስ ይውላል፣ ጎማውም ይግላል። ይህን አስቀድሞ የሚያስብ መካኒክ ከመንገድ ተጎትታ የምትመለስ መኪና የለችውም።

የፍሬን ዘይት ቱቦዎቹም ይናገራሉ። መሪው እስከ መጨረሻ ወደ ሁለቱም ወገን ተጠምዝዞ፣ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ቱቦው ሳይወጠርና ቸርኬውን ሳይነካ መቆየት አለበት። በብዙ ቱቦዎች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ መስመር አለ፤ መስመሩ ቀጥ ካለ ቱቦው አልተጠመዘዘም።

አየር የሚወጣው ከማስተሩ ከራቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ተጀምሮ ነው። «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እየተባለ፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ይደጋገማል። የኋላ ታምቡሮች በቦታቸው ይቀራሉ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ያለው እዚያ ነው፤ ደግሞም ፊት ቀድሞ ቢቆለፍ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች፣ ኋላ ቀድሞ ቢቆለፍ ግን ትዞራለች። ስለዚህ የኋላ ሸራዎች ተስተካክለው፣ ሥራቸውን ከፊቱ ጋር ተካፍለው እንዲይዙ ይደረጋል። አዲሶቹም ሸራዎች ወዲያው ቁልቁለት አይሰጣቸውም፤ ሜዳ ላይ መጠነኛ በሆነ ፍጥነት ደጋግሞ በለሆሳስ ቀነስ ቀነስ በማድረግ ከዲስኩ ጋር ይላመዳሉ።

ጥሩ መካኒክ ቁልፉን ሲያስረክብ ደግሞ እውነቱን ይናገራል። በደንብ የተስተካከለ ታምቡርም ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ይቆልፋል፤ አንድ ጊዜ በድንገት ለመቆም ወሳኙ የጎማው መያዝ ስለሆነ በዚያ ረገድ ዲስኩ ብዙ አይጨምርም። ትርፉ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ፣ በአሥረኛው ረገጣ ነው የሚታየው፤ ፔዳሉ እንደ መጀመሪያው ከፍ ብሎ ይቀበላል። ላረጀ ጎማ መድኃኒት አለመሆኑን ሳይደብቅ የሚነግር ሰው፣ ያሰረው ዳዶም ይታመናል።