የኪራይ ባህል

በየዓመቱ የከተማችን ወላጆች የሚገቡበት አንድ ሩጫ አለ። የምዝገባም የፈተናም አይደለም፤ «የባህል ቀን» የሚሉት ነው። ከትምህርት ቤት ማስታወሻ ይመጣል፦ «ልጅዎ ዓርብ የብሔረሰብ ልብስ ለብሶ ይምጣ።» በቃ! የየትኛው ብሔረሰብ? ለምን? እሱ የወላጅ ጣጣ ነው።

ዘንድሮ ሩጫው እህቴ ቤትም ደረሰ። ልጇ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ናት። እናት ሽሮ ሜዳ ወጥታ የዶርዜ ልብስ ተከራየች። ልጅ ለበሰች፣ ጨፈረች፣ ፎቶ ተነሣች። ማታ «ዶርዜ የት ነው?» ብዬ ብጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ጋሼ፣ መድረኩ ላይ ነዋ! ከሐረሪ ቀጥሎ» አለችኝ።

ልጅቷ ምን ታድርግ? የተማረችውን ነው የመለሰችው። ትምህርት ቤቱ ያሳያት ባህል መድረክ ላይ ወጥቶ በአምስት ደቂቃ የሚወርድ ነገር ነው። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ አካባቢ ያለ ደጋ መሆኑን፣ ቤቱ ከቀርከሃ ተሠርቶ ዝሆን እንደሚመስል የነገራት የለም።

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን የሽሮ ሜዳው ነገር ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ሰፈር እኮ የልብስ ሱቅ ብቻ አይደለም። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት ነው። ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት የሚሠራው ሰው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። እኛ ደግሞ ይህን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያስነገሩት ወደው አልነበረም። ጥለቱን አጊጠንበት ባለጥለቱን ካልጠየቅነው፣ ያ የድሮው ንቀት ዛሬ በጭብጨባ ታጅቦ ቀጠለ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብድብኛል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ስለዚህ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙና የፕሮቴስታንቱ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚህ በላይ የባህል ሀብት ከወዴት ይምጣ? ቤተ ክርስቲያኒቱም ብትሆን ከራሷ ታሪክ የምትማረው አላት። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደዚህ የመጡት ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አገሬው «አቡነ ያዕቆብ» የሚላቸው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ የአገሩን በልተው ነው የኖሩት። እሳቸውም የአገሩን ልብስ ለብሰዋል፤ ልዩነቱ ለአንድ ዓርብ አለመሆኑ ላይ ነው።

«መምህራኑ ምን ያድርጉ? ክፍሉ ሞልቷል፣ ፈተናው ደርሷል፣ ገንዘብ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው። ግን ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ከየት መጣ? ለጭፈራው ልምምድ የሚውለው ክፍለ ጊዜስ? በዚያው ገንዘብና ጊዜ ሸማኔውን ከነመወርወሪያው ክፍል ድረስ መጋበዝ ይቻላል። የአንዷ ልጅ አያት መጥተው እንዝርት ያሳዩ፤ የሌላው አባት ስለ ሸዋል ኢድ ያውሩ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አለ። ልጆቹን እየነዱ ሁሉንም ከማስጎብኘት አንድ ዕቃ አጠገብ አቁሞ «ይህን ማን ሠራው? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፊቼ ጨምበላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ ሸዋል ኢድ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ዓለም የመዘገበልንን ልጆቻችን ከልብስ ቀለም በቀር ካላወቁት መዝገቡ ለማን ነው?

እኛ ወላጆችና ዘመዶችም ንጹሕ አይደለንም። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ደረታችን ይነፋል፤ አያቱን በቋንቋቸው መጠየቅ ሲያቅተው ግን እንስቃለን። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በአንድ ቀን ባህል እንዲያስታጥቅልን እንጠብቃለን።

የባህል ቀን ይቅር አልልም። ልጆች ይጨፍሩ፤ ደስ ይላል። ግን ጭፈራው የትምህርቱ ማሳረጊያ ይሁን እንጂ ምትኩ አይሁን። በዚያ ክፍል አባቷ ሸማኔ የሆነ ልጅ ካለች «ይህን የሠራው አባቴ ነው» ብላ ሳትሸማቀቅ የምትናገርበት ቀን ሲመጣ፣ ያኔ ትምህርት ቤቱ ባህል አስተማረ እላለሁ።