መቀመጥን መመዘን

ጅማ ውስጥ በኩላሊት እጥበት ክፍል የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ስል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ደሙን የሚያጥበው ማሽኑ፣ ማሽኑን የምትከታተለው ነርሷ፤ ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ? ለወራት ሲታጠብ የከረመ ሰው ጡንቻው ይመነምናል፣ እግሩ ይደነዝዛል፤ አራት ሰዓት ያህል ተጋድሞ ቀና ሲል የደም ግፊቱ የሚወርድበትም አለ። አልጋ ጫፍ ላይ ተደላድሎ መቀመጥ ያቃተውን ሰው ተነስተህ ሂድ ማለት መጣል ነው። የእኔ ሥራ እዚያ ይጀምራል።

የመቀመጥን ሚዛን የሚለካ የታወቀ መመዘኛ አለ። ሻረን ጎርማንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ስትሮክ ለመታቸው ሕሙማን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙት። 14 ተግባራት አሉት፦ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ቀስ ተብሎ ሲገፉ አለመውደቅ፣ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ፣ ራስን ግራና ቀኝ መነቅነቅ፣ ከወለል ዕቃ ማንሳት፣ ተቀምጦ መንፏቀቅ፣ ሌላም። ያለ ምንም ድጋፍ ለሠራ 4፣ ሲነገረው ወይም ቀስ እያለ ለሠራ 3፣ በእጁ ለተደገፈ 2፣ ሰው ላገዘው 1፣ ጨርሶ ላልቻለ 0። ድምሩ 56 ነው።

ይህን መመዘኛ ለእጥበት ሕሙማን ልናውለው ስናስብ ወደ አማርኛ መመለሱ ያን ያህል አያስቸግርም። መንገዱን እነ ዶርካስ ቢተን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት መመሪያ ጠርገውታል፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ሁለቱ ይታረቃሉ፣ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፣ ባለሙያዎች ተቀምጠው ይከራከሩበታል፣ ከዚያ ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ሰዎች ይሞከራል። በአገራችንም ልምዱ አለ። ፒኤችኪው 9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ አዲስ አበባ ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ በእኛው በደቡብ ምዕራብ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተፈትኖ በ2018 ታትሟል። እነዚያ ሥራዎች የተደገፉበት ነገር ነበራቸው፤ የመጠይቁ ውጤት ከባለሙያ የምርመራ ቃለ መጠይቅ ጋር ተነጻጸረ። ለመቀመጥ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። አንድ ሰው «በትክክል» ተቀምጧል የሚለው ማን ነው?

ወረቀቱ ከትርጉሙ ይልቅ በሕሙማኑ አካል ላይ ይፈተናል። ለእጥበት መርፌ መግቢያ እጁ ላይ ፊስቱላ (የተገናኙ የደም ሥሮች) የተሠራለት ሰው በዚያ እጁ እንዳይደገፍ በነርስ ተነግሮታል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። አንድ ከአጋሮ የሚመጡ አባት ወደ ጎን ተንፏቀቁ ስላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉና «ይሄን እጅ አልነካም፣ ልጄ፤ አንተው ግፋኝ» አሉኝ። ገፋኋቸው፤ ወረቀቱ 1 ስጥ ይላል። ግን የሰውነታቸው ሚዛን ምንም ችግር አልነበረበትም፤ ነጥቡን የወሰደባቸው ታዛዥነታቸው ነው። አንገቱ ላይ ካቴተር (የእጥበት ቱቦ) ያለው ሰው ራስህን ነቅንቅ ሲባል እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እሱም ልክ ነው። ካቴተሩ ብሽሽቱ ላይ የሆነውን ሰው ጭኑን 90 ዲግሪ አጥፎ እንዲቀመጥ ከነጭራሹ አናደርገውም። ስትሮክ የመታውን ሰው አስበው የጻፉት ሰዎች ይህን ሁሉ ሊያስቡት አይችሉም ነበር፤ አልወቅሳቸውም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የድግግሞሹ ነገር ነው። አንድ መመዘኛ አስተማማኝ ነው የሚባለው ያልተለወጠ ሰው ሁለት ጊዜ ተለክቶ ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ ነው። የእጥበት ሕመምተኛ ደግሞ እንዲለወጥ ነው የሚመጣው! ጠዋት ውሃ ተሸክሞ አብጦ ይገባል፤ ከሰዓት ክብደቱን ጥሎ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ ደክሞት ይወጣል። ጠዋት የለካ ባለሙያና ከሰዓት የለካ ባለሙያ ቢለያዩ ጥፋቱ የማን ነው? የባለሙያዎቹ? የወረቀቱ? የማሽኑ? በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠቡ ሰዎች ሲሆኑማ የክፍተቱ ቀን ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። (በዚያ ላይ ቡና አለ። በሐኪም የተሰፈረ ፈሳሽ የሚጠጣ ሰው ጅማ ውስጥ ጎረቤቱ ቡና ሲጠራው አቦል ቀምሶ፣ ቶናና በረካን ትቶ መነሳት አለበት። ይህን የሚችል ሰው ብርቱ ነው።)

እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው። ሁለተኛው ልኬት በሚቀጥለው ሳምንት፣ በዚያው ቀን፣ መርፌው ሳይገባ በፊት ይደረጋል፤ ሰውየው ከደረቅ ክብደቱ (ትርፍ ውሃው ሲወጣለት ካለው ክብደት) ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደመጣ አብሮ ይጻፋል፤ ክብደቱ በእጅጉ የተለያየ ከሆነ ያ ሰው ከድግግሞሹ ስሌት ይወጣል። ሁለት ባለሙያዎች ይስማሙ እንደሆነ ለማየት ደግሞ አንዱ ሲያሠራ ሌላው ጎን ቆሞ በዚያችው ሰዓት፣ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ለየብቻ ይለኩ የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ለዚህ ሕሙም ግን ሁለት ጊዜ መገፋት በራሱ ድካም ነው፤ ድካሙም ሁለተኛውን ነጥብ ያወርደዋል።

ሌላም አለ። በእግሩ መጥቶ ታጥቦ በእግሩ የሚሄድ ሰው 56 ከ56 ያመጣል። ከተለኩት ውስጥ ከ15 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጣሪያውን ከነኩ መመዘኛው በላይኛው ጫፍ ሰውን ከሰው አይለይም ይባላል፤ በእጥበት ክፍል ደግሞ ይህ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ በእግሩ ለሚገባው ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥን በሰዓት ለክቼ እተወዋለሁ። ይኼኛው ወረቀት በቃሬዛና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚገቡት ነው።

ከእነሱ መካከል ከጌራና ከሊሙ ገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ የሚሰሙት አፋን ኦሮሞ ነው፤ ያ ቅጂ ለብቻው መሠራትና ለብቻው መፈተን አለበት። በአማርኛው ቅጂ እየተረጎምን እናሠራቸው የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም፤ ያን ጊዜ የሚለካው የአስተርጓሚው ችሎታም ጭምር ይሆናል።

ደግሞ መቀመጫው። መመዘኛው የሚፈልገው የሆስፒታል አልጋ ጫፍ፣ ጭን በግማሽ የተደገፈበት፣ ውስጥ እግር ወለል የነካበት ነው። የጅማ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚቀመጠው ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ነው፤ ለሶላት ምንጣፍ ላይ፣ ቡና ሲለቅም መሬት ላይ። አንዲት እናት አልጋው ጫፍ ላይ ሁሉን ነገር በሚገባ ሠርታ ስትጨርስ «ይሄማ ቀላል ነው፤ ከበርጩማ መነሳት ነው ያቃተኝ» አለችኝ። በርጩማውን 15ኛ ተግባር አድርገን እንጨምር ያሉ አሉ። ከጨመርነው ግን ድምሩ 60 ይሆናል፤ ሌላ ቦታ ከተለኩ ሕሙማን ጋር ማወዳደርም አይቻልም። ለጊዜው ከወረቀቱ ግርጌ ለብቻው አንድ መስመር ሰጥቼዋለሁ፤ ቻለ፣ በእርዳታ ቻለ፣ አልቻለም። ከ56ቱ ጋር አይደመርም።