መሪ እሳት አያጠፋም

ባለፈው በጋ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ሁለት ቀን በፈጀ ዎርክሾፕ ላይ ተጋብዤ ነበር። ባነሩ ላይ «የሠራተኛ ማኅበራት አመራሮችን የመምራት አቅም ማጎልበት» የሚል በትልልቁ ተጽፏል። ሠልጣኞቹ ከፋብሪካ፣ ከሆቴልና ከባንክ የመጡ የመሠረታዊ ማኅበር ሊቀ መናብርትና ጸሐፊዎች ናቸው። እኔ «ሚዲያ» ተብዬ ከኋላ ወንበር ተሰጥቶኛል። ደብተርና እስክሪብቶም ደርሶኛል፤ እሱን አልክድም።

አሠልጣኙ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። መጀመሪያ ስለ ንስር ነገረን። ንስር አርባ ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ መንቁሩን ከዐለት ጋር እያጋጨ ይሰብረዋል፤ አዲስ እስኪያበቅል በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይኖራል አለን። ይህን ተረት ሳይሰማ ከሥልጠና አዳራሽ የወጣ ሰው በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። ለእኔ እንኳ አራተኛዬ ነው። ለነገሩ መንቁሩን የሰበረ ንስር የሚያገኘው ሠላሳ ዓመት ሳይሆን ረሃብ ነው፤ በምን ይበላል? ግን ማን እጁን አውጥቶ ይጠይቅ? ሻይ ሰዓት ደርሷል።

ከሻይ በኋላ ነው ዋናው ቃል የመጣው። አሠልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መሪ እሳት አጥፊ መሆን የለበትም!» አለ። እሳት ማጥፋት ማለት ዕቅድ የሌለው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሮጥ፣ ችግር ሲፈጠር ብቻ የሚነቃ ሰው ሥራ ነው ብሎ አብራራ። ይኼ አባባል በየስብሰባው አለ፤ «የእሳት ማጥፋት ሥራ ነው የምንሠራው» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ሠልጣኙ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። እኔም ጻፍኩ።

ማታ ወደ ሰፈሬ ወጣሁ። የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ወገን ነው። የካ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መገናኛና ሾላ ገበያ ነው፤ እኛ ግን ተራራው ሥር ነን። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎብጠው ይወርዳሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በመኪና ሽቅብ የሚወጣው ሰው በዝቷል። መንደሩ ውስጥ ግን መተላለፊያው ያው ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። ቤቱ እንጨትና ጭቃ ነው፣ ከቤቱ በላይ ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ ከተማዋን ከመሰደድ አድኗታል ይባላል። ቅጠሉ ግን ዘይት አለው፤ በደረቁ ወራት እሳት የነካው እንደሆነ ችቦ ነው የሚሆነው።

ጎረቤቴ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። 939 ብላችሁ ስትደውሉ ከሚደርሱላችሁ አንዱ ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ አገኘሁትና የአሠልጣኙን ቃል እንደ ቀልድ ነገርኩት። ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ ሳቀ። ከዚያ፣

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ከእኛ ዘንድ ማን መጥቶ ነበር?» አለኝ።

«ማንም አላየሁም።»

«እንዴት ይመጣል? የማኅበር አመራር አይደል የሚሠለጥነው? እኛ ጋ ማኅበሩ የት አለና!»

ይህን ያህል ዓመት ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ ይህንን አለማወቄ አሳፈረኝ። በማግስቱ ሁለተኛውን ቀን ሥልጠና ትቼ (ንስሩ ይቅር ይበለኝ) የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆቹን አወጣሁ።

እስቲ ልብ በሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ሥራ ማቆም የማይፈቀድባቸውን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች ይዘረዝራል። የአየር ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ውኃና የከተማ ጽዳት፣ ሆስፒታልና ፋርማሲ፣ ቴሌኮም እያለ ይሄድና መሐል ላይ የእሳት አደጋ አገልግሎት ይላል። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም እንዲሁ ነው፤ እሳት አደጋ ቦታውን አልለቀቀም። ደስ አለኝ፤ «ይኸው ሕጉ ያውቃቸዋል!» አልኩ። ከዚያ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለስኩ። እዚያ ደግሞ አዋጁ የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ፤ የጦር ኃይል አባላት፣ ፖሊስ፣ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች። ጎረቤቴ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አዋጁ ማኅበር አቋቁም፣ ኅብረት ስምምነት ተደራደር በሚለው ምዕራፉ እሱን አይመለከትም፤ የሙያው ስም የሚገኘው አትችሉም በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው። ሠርግ ሳይጠሩት ድንኳን አስተክለው እንደሚሸኙት ሰው መሆኑ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ቆጣ አለ። «ታዲያ እሳት አደጋ አድማ ይምታ ትላለህ? መርካቶ እየነደደ?» አለኝ። አባባሉ ቀላል አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነውን እናውቃለን። እኔም አድማ ይምቱ አልልም። የዓለም የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴም እሳት ማጥፋት አድማ ሊከለከልበት ከሚችል አገልግሎት አንዱ ነው ይላል። ነገር ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ አድማውን የከለከልከው ሠራተኛ፣ ቅሬታው በገለልተኛ ወገን ቶሎ የሚታይበት ሌላ በር ይከፈትለት ይላል። በእኛም አዋጅ ይህ በር አለ። በአስፈላጊ አገልግሎቶች የሚነሳ ክርክር በጊዜያዊ ቦርድ ይታያል። በሩ ተሠርቷል፤ ጎረቤቴ ግን በግቢው ውስጥ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት አላቸው ይላል። የትኞቹ እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ብሎ ደግሞ ቀጠሮ ይሰጣል። የቀጠሮው ነገር ነው ጉዱ። አገራችን ስለ መደራጀት ነፃነት የሚናገረውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87ን ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በተቋቋመበት በዚያው ዓመት። ስምምነቱ የአገር ሕግ ሊተዋቸው ይችላል የሚላቸው የጦር ኃይልንና ፖሊስን ብቻ ነው። ቱቦ የያዘ ሰው ጠመንጃ እንደያዘ አይቆጠርም። የድርጅቱ ባለሙያዎችም የኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ነገር ምን ደረሰ እያሉ ለዓመታት ደጋግመው ጠይቀዋል።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቢቀጠር የልማት ድርጅት ሠራተኛ ይሆናል፤ የሚተዳደረውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። ማኅበር አባል መሆን፣ ተወካይ መምረጥ፣ በኅብረት መደራደር ይችላል። አድማ አይችልም፤ የቀረው ግን አለው። ከዚያው ከቦሌ ተነስቶ የካ ቢዛወርና የከተማው ሠራተኛ ቢሆን፣ ያው ሰው፣ ያው ቱቦ፣ ያው ጭስ፣ መብቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አውሮፕላን የሚያድነው ይደራጃል፤ የእኔን የጭቃ ቤት የሚያድነው አይደራጅም።

እንግዲህ ወደ ሥልጠናው ልመለስ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ሥልጠና የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1918 ዋሽንግተን ላይ የተመሠረተው የአሜሪካና የካናዳ እሳት አጥፊዎች ማኅበር ለየከተማው ቅርንጫፍ መሪዎቹ ሥልጠና ይሰጣል። እዚያም አበረታች ንግግር አይጠፋም፤ አበረታች ንግግር የሌለበት አገር የለም። ዋናው ትምህርት ግን ኅብረት ስምምነት እንዴት ይረቀቃል፣ የአንድ አባል ቅሬታ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል፣ የማኅበሩ ገንዘብ እንዴት ይያዛል፣ የከተማው በጀት ሰነድ እንዴት ይነበባል የሚል ነው። አንድ መኪና ላይ ስንት ሰው ይውጣ የሚለው እንኳ ክርክር አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የአሜሪካ የሙያ መለኪያ ቢያንስ አራት ይላል፤ የማኅበሩ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ከከንቲባ ጋር ይከራከራል።

ከሁሉ የበለጠ የካንሰሩ ነገር ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አጥፊነት ሥራን ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠው፣ ከአንደኛው ምድብ አስገብቶታል። የፊኛ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር በስም ተጠቅሰዋል። የካናዳዋ ማኒቶባ ግን ይህን ሳትጠብቅ ሃያ ዓመት ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ እሳት አጥፊ ከተዘረዘሩት ካንሰሮች አንዱ ቢይዘው ከሥራው የመጣ ነው ተብሎ ይገመት የሚል ሕግ አወጣች። ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም ከታማሚው ላይ ወረደ። ይህ ዓይነቱ ሕግ ጥናት አንብበው ምክር ቤት በር ላይ የሚቆሙ የማኅበር ሰዎች ሲኖሩ ነው የሚመጣው። እነዚያ ሰዎች ራሳቸው እሳት የሚያጠፉ ናቸው፤ ማታ ጣቢያ አድረው ጠዋት ምክር ቤት ይሄዳሉ።

መገናኛ ባለው አዳራሽ ግን ከዚህ ውስጥ አንዱም አልተነሳም። ባየሁት የመጀመሪያ ቀን አዋጅ ቁጥር 1156ን በእጁ ይዞ የመጣ አሠልጣኝ አላየሁም። የቃሉ ነገር ራሱ ያሳስበኛል። ድሮ አመራር የሥራ ስም ነበር፤ መምራት ማለት። አሁን የሰው ስም ሆኗል፤ «እሱ እኮ አመራር ነው» ይባላል፣ አለቃ ነው ለማለት። የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር የሚመረጠው ግን አለቃው ፊት ስለ ጓደኞቹ እንዲናገር ነው። ይህንን ሰው ወስደን ሁለት ቀን ስለ ራዕይ፣ ስለ ተጽዕኖ ፈጣሪነት፣ ስለ ንስር ነግረን ስንመልሰው፣ ወደ ሥራ ቦታው የሚመለሰው ተወካይ ነው ወይስ ሌላ አለቃ? በ1966 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ አገር ያቆመውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የጠሩት ሰዎች ብዙ ጉድለት ነበረባቸው፤ አባሎቻቸው ምን እንደሚፈልጉ ግን ዘርዝረው ያውቁ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛውም ሥልጠና አላጣም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። ሁሉም ሠራተኛው እንዴት የተሻለ አገልግሎት እንደሚሰጥ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ክፋት የለውም። ሠራተኛው ራሱ ምን እንደጎደለው ለማን እንደሚናገር የሚያስተምር ግን አልገጠመኝም።

በመጋቢት አንድ እሑድ ከሰፈራችን በላይ ጫካው ተያያዘ። ትልቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ እርጥብ ቅጠል ይዞ፣ አካፋ ይዞ ወጣ። ጎረቤቴ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ከሁላችን ፊት ሮጠ። ማን የት እንደሚቆም፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚዞር፣ የትኛው ቁጥቋጦ ቀድሞ እንደሚቆረጥ የነገረን እሱ ነው። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጠፋ። ሲመለስ ፊቱ ጥላሸት ለብሷል። ሚስቱ ልብሱን ተቀብላ ከልጆቹ ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው።

ስለ ካንሰሩ ያነበብኩትን የነገርኩት ያኔ ነው። ጭሱ ሲጠፋ እንደማይጠፋ፣ ጥቀርሻው በልብስ ተጣብቆ ቤት እንደሚገባ፣ ለብቻው መታጠብ እንዳለበት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ተነስቶ ሳፋውን ገለበጠና የልጆቹን ልብስ ለየ።

«ይኼን ለእኛ መንገር የማን ሥራ ነበር ጋሼ?» አለኝ።

የዎርክሾፑ ደብተር ኪሴ ውስጥ ነበር። ከኋላው አንድ ገጽ ቀደድኩና «ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 42» ብዬ ጻፍኩለት። ቤት ገብቶ የሕገ መንግሥቱን መጽሐፍ ከልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ አመጣና በር ላይ ቆሞ አነበበው። ሁለቴ አነበበው።

«በሕግ ይወሰናል ነው እኮ የሚለው። ከ87 ጀምሮ?»

«ከ87 ጀምሮ።»

ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ማታ ተረኛ ስለነበር ገላውን ሊታጠብ ገባ።