ጥሩ የስበት ጌም በምን ይታወቃል?

ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። እያንዳንዱ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር ይነዳል። መሐል ላይ ሁለቱንም ወደ ራሱ የሚጎትት ኮከብ አለ። ጨዋታው ይኸው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ፒዲፒ-1 በሚባል ኮምፒውተር ላይ የተሠራው «ስፔስዋር» ነው። ፕሮግራሙን በዋናነት የጻፈው ስቲቭ ራስል ሲሆን ኮከቡንና ስበቱን የጨመረው ዳን ኤድዋርድስ ነው። ከ60 ዓመት በኋላም ቅጂዎቹ በብሮውዘር ይከፈታሉ። ላሊበላ ከተማም ሆነ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ አጠገብ ያለ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ትንሽ ኔትወርክ ያገኘ ሰው ዛሬውኑ ከጓደኛው ጋር ሊጋጠምበት ይችላል።

ከቅጂዎቹና ከተከታዮቹ መካከል የሚረቡት ግን ጥቂት ናቸው። ሥዕሉ ቢያምር፣ ፍንዳታው ቢያብረቀርቅ አትታለሉ። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ስበቱ ለማንም ሳያዳላ እንደ ሦስተኛ ተጫዋች ይጫወታል ወይ?

ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡ። ጥሩ ጌም ዝም ያለውን ይቀጣል። መንኮራኩሯ መጀመሪያ የቆመች ትመስላለች፤ ቀስ እያለች መሳብ ትጀምራለች፤ ኮከቡ አጠገብ ስትደርስ ግን ዓይን አይከተላትም። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር ጉተታው አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ከዳር እስከ መሐል በእኩል ጉልበት የሚጎትት ኮከብ ካያችሁ ሠሪው ሒሳቡን ዘሎታል።

ቀጥሎ መንኮራኩሯን ወደ ጎን ትንሽ ግፏትና ሞተሩን አጥፉ። ኮከቡን በሞላላ መንገድ መዞር አለባት፤ ስትጠጋ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። አሁን ታገሡ፣ ደጋግማ ትዙር። መናኛው ሥራ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳይነካት ዙሩ በራሱ እየሰፋ ከሄደ ከየትም ያልመጣ ጉልበት እያገኘች ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ሁለት ነገር ያሰላል፦ ስበቱ ፍጥነቷን ምን ያህል እንደለወጠው፣ ፍጥነቷ ደግሞ ቦታዋን ምን ያህል እንደለወጠው። አዲሱን ቦታ በአሮጌው ፍጥነት ካሰላ ስሕተቱ በየዙሩ ይጠራቀማል። ፍጥነቱን አስቀድሞ አድሶ ቦታውን በአዲሱ ፍጥነት ካሰላ ግን ምህዋሩ ረግቶ ይቆያል። ይህ ተጨማሪ ሒሳብ አይጠይቅም፤ የሁለት መስመር ኮድ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ብዙ ሠሪዎች ይህችን ሳይጠነቀቁ ቀርተው ጌማቸው ሲበላሽ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደምወደው ፈተና ልምጣ። ከኮከቡ ርቃችሁ ሳላችሁ ለአፍታ ሞተር አስነሡና ምን ያህል እንደገፋችሁ ልብ በሉ። ከዚያ እንደገና ጀምሩ፤ ወደ ኮከቡ ውደቁ፣ በጣም በተጠጋችሁበት ቅጽበት ያንኑ ያህል ነዳጅ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ አቃጥሉ። ሒሳቡ ትክክል ከሆነ ሁለተኛው ከፊተኛው እጅግ አርቆ ይወረውራችኋል፤ በፍጥነት እየሄዱ የተቃጠለ ነዳጅ የበለጠ ጉልበት ይሰጣልና። ይህ ሕግ በሮኬት ሊቁ በኸርማን ኦበርት ስም ይጠራል፤ እውነተኛ መንኮራኩሮችም ይጠቀሙበታል። በላሊበላ ዙሪያ ባለው በላስታ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ድንጋዩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው የመልቀቂያዋ ቅጽበት እንደሆነች ሁሉ፣ እዚህም ጀማሪውን ከነባሩ የምትለየው ያቺ ቅጽበት ነች። ሞተር ሳያስነሡ በኮከቡ አጠገብ በማለፍ ብቻ ፍጥነት የሚገኝ የሚመስላቸው አሉ። አይገኝም። ኮከቡ ባለበት የቆመ እስከሆነ ድረስ ስትገቡ የሰጣችሁን ስትወጡ መልሶ ይወስዳል። በነጻ ፍጥነት የሚያድል ጌም ስሕተት አለበት።

ተኩሱ ላይ ሰው አይስማማም። በመጀመሪያው «ስፔስዋር» መንኮራኩሮቹ በስበት ይሳባሉ፣ ቶርፒዶዎቹ ግን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የሁሉንም ቶርፒዶ ስበት ማስላት ለፒዲፒ-1 ከአቅሙ በላይ ስለነበር ነው። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ያሰላዋል፤ ሆኖም የድሮው ሕግ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱ መንኮራኩሮች እየተጠማዘዙ ሲወድቁ ቢያንስ አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ቢሄድ ማነጣጠር ይቻላል፤ የመታውም አስቦ መታ። ሁሉም ነገር በፍጥነት ሲጣመም ግን የተመታው በአጋጣሚ ይመታል። የሚጣመም ጥይት የምቀበለው ዓይን ሊከተለው በሚችል ዝግታ ሲሄድና ቁጥሩ የተወሰነ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔ ከኮከቡ ጀርባ የተደበቀውን ጠላት አዙሮ መምታት ልዩ ደስታ አለው። በሁለቱም ዓይነት ጥይትም ነዳጅም ማለቅ አለባቸው። የማያልቅ ጥይት ያለበት ጌም የጣት ፍጥነት ውድድር ሆኖ ይቀራል።

ከበስተጀርባ ያሉትን ከዋክብትም በደንብ ተመልከቱ። የፍጥነት መለኪያችሁ እነርሱ ናቸው፤ በባዶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ምን ያህል እየሄዳችሁ እንደሆነ አታውቁም። ደማቆች ከሆኑ ደግሞ ከጥይት ጋር ይምታታሉ። ፒተር ሳምሰን የሚባለው ከኤምአይቲ ልጆች አንዱ በዘፈቀደ የተበተኑትን ነጠብጣቦች አንሥቶ በእውነተኛው የሰማይ ካርታ ተካቸው። ከሰማይ ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 22.5 ዲግሪ ያሉትን ከዋክብት በየድምቀታቸው አስገባ። ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላሉ በላስታ አናት ላይ የሚያልፉት ከዋክብት በዚያ ካርታ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። የአሰድ ልብ የሆነው ሬጉለስ በየካቲት እኩለ ሌሊት ገደማ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ካለበት ገደል በላይ፣ ከሞላ ጎደል ልክ በአናት ያልፋል፤ በሳምሰን ካርታ ላይም አለ። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለትልቅ ቴሌስኮፕ ጣቢያ የታሰቡበት ሰማይ ይህ ነው። በዚህ ሰማይ ሥር ላደገ ሠሪ ከዋክብቱን በዘፈቀደ መበተን አሳፋሪ ነው።

መቆጣጠሪያውን በአጭሩ ልለፈው። የኤምአይቲ ልጆች መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ባሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ይጫወቱ ነበር፤ ስላልተመቻቸው አለን ኮቶክና ቦብ ሳውንደርስ ለየተጫዋቹ የእጅ ሣጥን ሠሩ። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው አንድ ኪቦርድ ይጋራል። ርካሽ ኪቦርድ አንዳንድ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ አንዱን አይቆጥርም። ስለዚህ ሁለታችሁም ሞተር፣ መዞሪያና ተኩስ በአንድ ጊዜ ተጫኑ። የአንዱ ትእዛዝ ከቀረ፣ ቁልፍ መቀየሪያም ከሌለው፣ ያ ጌም ለሁለት ሰው አልተሠራም።

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ተሸናፊው ነው። «ተሸናፊ ተነሺ» በሚባልበት ጌም ቤት ተሸንፎ የሚነሣውን ልጅ እዩት። «ቶሎ ሞተር አስነሣሁ»፣ «ነዳጄን አስቀድሜ ጨረስኩ» ካለ ጌሙ ጥሩ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። «ምን እንደመታኝ አላውቅም» ብሎ ከወጣ ግን ወይ ስበቱ አዳልቷል፣ ወይ ሰሌዳው ተጨናንቋል።

«ስፔስዋር»ን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንግድ የወጣው «ኮምፒውተር ስፔስ» ስበቱን ትቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተተከለው «ጋላክሲ ጌም» ግን የ«ስፔስዋር»ን ሕግ ይዞ በ10 ሳንቲም አጫወተ። ከሁለቱ ጋላክሲውን እመርጣለሁ። በእኛም አገር ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ለስልክ ሠርቶ አሳይቷል፤ የስበት ጌም ደግሞ ከሁለቱ ያነሠ ሥዕል ነው የሚጠይቀው። ላስታ ውስጥ ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ አንድ ኮከብና ሁለት መንኮራኩር ይበቃችኋል። ፍጥነቱን አስቀድማችሁ አድሱ፣ ከዋክብቱን ከራሳችሁ ሰማይ ውሰዱ፣ ከዚያ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ አጫውቱት።